የደረሰ ወሬ፣ ያልታየ ወሬ

ሰው «አላወቅሁም» ለማለት የሚችለው መቼ ነው? ወሬው ሳይደርሰው ሲቀር ነው ብንል ጥያቄው ያለቀ ይመስላል፡፡ ይሁንና ወሬው ደጁ ደርሶ፣ እጁ ገብቶ፣ ሳያየው ቢቀርስ? ጥያቄው የሚያሳስበኝ እንጀራዬ ከእርሱ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ነው፡፡ ሐረር ተቀምጬ፣ አዲስ አበባ ያሉ ኮምፒውተሮች በየቅጽበቱ «ይህን ሠራሁ፣ ይህ ተሳነኝ» እያሉ የሚልኩትን የውሎ መዝገብ ተቀብዬ አነባለሁ፡፡

ከተማችን ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም፡፡ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን እንደ ጻፈው፣ የጀጎል አምስት በሮች በዘበኛ ይጠበቁ፣ ሲመሽም ቁልፋቸው ወደ አሚሩ ይወሰድ ነበር፡፡ ጠባቂው ገቢና ወጪውን በዐይኑ ያያል፡፡ ኋላ በምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ሥራው የተጀመረው የስልክ መሥመር 477 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ሐረርን ከአዲስ አበባ አገናኘ፡፡ ከዚያ ወዲህ ገዥ በዐይኑ ያላየውን ከሩቅ መስማት ቻለ፡፡ በስልክ ግን ከወዲያ ጫፍ «አቤት» የሚል ከሌለ፣ ተናጋሪው እንዳልተሰማ ወዲያው ያውቃል፡፡

የኮምፒውተር መዝገብ እንዲህ አይደለም፡፡ ኤሪክ ኦልማን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የፈጠረውና ዛሬም የሚሠራበት ሲስሎግ የተባለው ዘዴ፣ በቀድሞው መንገዱ መልእክቱን ወርውሮ ይሄዳል፤ «ደረሰህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፡፡ መልእክቶቹን እንደ ክብደታቸው ከ0 እስከ 7 በስምንት ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ 0 እሪታ ነው፣ 7 ማጉረምረም፡፡ ተቀባዩም ብዛታቸው እንዳያሰጥመው «ከ0 እስከ 3 ያለውን ብቻ አሳየኝ» ብሎ ያዛል፡፡ የቀረው ይከማቻል እንጂ አይታይም፡፡

በእኔ አስተያየት የሥነ ምግባሩ ጉዳይ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፡፡ ወንፊቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ፡፡ ስለዚህ በወንፊቱ ስለ ቀረው ነገር ስጠየቅ «አልሰማሁም» ልል አልችልም፤ «ላለመስማት መረጥሁ» ማለት ነው የሚገባኝ፡፡ ሁሉን ማየት እንደማይቻል አውቃለሁ፡፡ ማንም በማይቻለው አይጠየቅም፤ በምርጫው ግን ይጠየቃል፡፡

«መዝገቡ ካለ ምን ቸገረ፣ በኋላ ይመረመራል» የሚሉ አሉ፡፡ እስቲ አንባቢ ይፍረድ፡፡ መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት ታውኮ ብዙ ሰው በሒሳቡ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣ፣ የእያንዳንዱ ብር አካሄድ ተመዝግቦ ነበር፡፡ ባንኩም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መንቀሳቀሱን ገለጸ፤ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶግራፍ ይፋ አደረገ፡፡ መዝገቡ ገንዘቡን ለማስመለስ ጠቅሟል፡፡ ከወሰዱት መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ፤ እነርሱን ግን ከፈተናው አላዳናቸውም፡፡ በጊዜው የታየ መዝገብ ሰውን ከጥፋት ይጠብቃል፤ ዘግይቶ የታየው የሚችለው መክሰስ ብቻ ነው፡፡

ቀድሞ አዋጅ ሲነገር «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር፡፡ ነጋሪው ከተናገረ በኋላ ግዴታው ወደ ሰሚው ይሻገራል ማለት ነው፡፡ ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው ይላሉ፤ እውነት ሊሆን ይችላል፡፡ ሆኖም ጆሮውን ለሩቅ ወሬ ከፍቶ የተቀመጠ ሰው፣ የገባለትን ወሬ የባዕድ ነው ብሎ ሊያሰናብተው አይገባም፡፡