የአዋሽ ማደሪያ

«ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። የውሃን አካሄድ የሚያሰሉ ሶፍትዌሮች ይህን ተረት ለወንዝ ሁሉ የወጣ ሕግ አድርገውታል።

ካርታው በእኩል ካሬዎች ይሸነሸናል። እያንዳንዱ ካሬ ሴል ይባላል፤ የሚይዘውም አንድ ቁጥር ነው፣ የመሬቱን ከፍታ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በራዳር ከሰበሰበችው ልኬት በተሠራው ካርታ ላይ የአንድ ሴል ጎን 30 ሜትር ያህል ነው፤ 900 ካሬ ሜትር መሬት ከነጉብታው ከነቦዩ በአንድ ቁጥር ያድራል። ሶፍትዌሩ የሴሉን ውሃ ከስምንቱ ጎረቤቶች ቁልቁለቱ ወደሚበረታበት ይልከዋል። ከራሱ ዝቅ ያለ ጎረቤት ያጣ ሴል ግን ውሃውን ይዞ ይቀራል። ይህ እንደ ስህተት ይቆጠራል፤ ጎድጓዳውም ውሃው ተርፎ እስኪወጣ ድረስ ይሞላል።

ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ራዳሩ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ የዛፍ ጫፍ መሬት ይመስለዋል፤ ድልድዩም ግድብ ይሆንበታል። ባለሙያው ወንዙ የሚያልፍበትን ሴል በእጁ ዝቅ ሲያደርግ ስለ ቁጥሩ ይዋሽ ይሆናል እንጂ ስለ ወንዙ አይዋሽም።

አዋሽ ግን 1200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ ፀሐይ ትጠጣዋለች። ዳናክልም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ እውነተኛ ጎድጓዳ ነው። ለሶፍትዌሩ ሁለቱም ከዛፉ ጫፍ ስህተት አይለዩም። ዝም ካሉት ሁሉንም ደልድሎ አዋሽን ወደ ካርታው ጠርዝ ይነዳዋል።

ታዲያ ስህተቱን ከእውነቱ የሚለየው ምንድን ነው? ጥልቀቱ ነው የሚሉ አሉ፤ ከዚህ በላይ የጠለቀውን አትሙላ ብሎ ማዘዝም ይቻላል። አያስኬድም። ገደል የዘጋ አንድ የተሳሳተ ሴል ከኋላው ጥልቅ ጉድጓድ ይፈጥራል፤ በክረምት ውሃ የሚያቁር እውነተኛ ረግረግ ደግሞ ከጉልበት አያልፍም። ልዩነቱ ቁጥሩ ውስጥ የለም። ያለው ቦታውን የሚያውቅ ሰው ዘንድ ነው፤ ከብቱን እዚያ ያጠጣ የአፋር አርብቶ አደር ከራዳሩ ይልቅ ይታመናል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፦ የታረመ ሴል ጠባሳ የለውም። በዕውቀት የገባውም ቁጥር፣ ውጤቱ እንዲያምር የገባውም፣ የተለካውም አንድ መልክ አላቸው።

አቤን ከመደልደል የሚያድነው ዘዴ ደግሞ ያስቀኛል። ከሐይቁ ወለል አንድ ሴል ተመርጦ ከፍታው ይሰረዝና በቦታው «መረጃ የለም» ይገባል። ሶፍትዌሩ መረጃ የሌለውን ሴል እንደ መውጫ ስለሚያየው ውሃው ሄደልኝ ብሎ ጎድጓዳውን ይተወዋል። የወንዙን ማደሪያ በርግጥ የምናውቅበት ቦታ ላይ ነው እንግዲህ «መረጃ የለም» ብለን የምንጽፈው።