ዕውቀቱ በዛ ተብሎ ከሥራ ስለሚመለስ ሰው

በቀድሞው ልማድ ሰው ከሥራ የሚመለሰው ባለማወቁ ነበር። መጻፍ ለማይችል ጽሕፈት፣ ዜማ ላልተማረም ምርግትና አይሰጥም፤ ይህም የተገባ ነው። በዛሬው ዘመን ግን ወደ ንስሐ አባቶች ከሚመጣው ኀዘን መካከል ሌላ ዐይነት ነገር እንሰማለን። ብዙ ዘመን የተማረ ሰው የትምህርቱን ያህል ሥራ ባጣ ጊዜ፣ ዝቅ ያለውን ልሥራ ብሎ ይቀርባል። ቀጣሪውም ወረቀቱን አይቶ «ይህ ሥራ አይመጥንህም» ብሎ ያሰናብተዋል። የላይኛው ደጅ ቦታ የለም ተብሎ ተዘግቶበታል፤ የታችኛውም ደጅ አንተ ትበልጠዋለህ ተብሎ ይዘጋበታል። እንግዲህ በየት በኩል ይግባ?

በአገራችን ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ከእነዚህ የሚወጣው ወጣት ሁሉ በተማረበት ሙያ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ዲግሪውን በሣጥን ቆልፎ፣ የስምንተኛ ክፍል ወረቀቱን ብቻ ይዞ ለጥበቃ ወይም ለድንጋይ ንጣፍ ሥራ የሚመዘገብ ሰው ለእኛ ለካህናት እንግዳ አይደለም። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ይህንኑ ያውቁታል።

«አባ፣ የተማርሁትን መደበቄ ሐሰት ይሆንብኛልን?» ብሎ የጠየቀን አለ። ያልተጠየቁትን አለመናገር ሐሰት አይደለም፤ ተጠይቆ «አልተማርሁም» ማለት ግን ሐሰት ነው ብለን መለስንለት። እርሱም ቀጥሎ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 መክሊቱን የቀበረውን አገልጋይ አነሣብን። እኛ እንዲህ እናስባለን። ያ አገልጋይ የቀበረው ከስንፍና የተነሣ ነው፤ ይህ ግን ቆፍሮ የቀበረው ለልጆቹ እንጀራ ነው። ጌታ ሒሳቡን በሚተሳሰብበት ቀን ጉድጓዱን ማን እንዳስቆፈረውም ሳይጠይቅ አይቀርም።

ለቀጣሪዎችም ፍርድ አናጓድልባቸው። በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ለንደን በምትባል ከተማ በ1996 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ፖሊስ ለመሆን ተፈተነ። ፈተናው 50 ጥያቄ ያለው ሲሆን፣ ሰውየው 33 አገኘ። ከተማይቱ ግን ለቃል ጥያቄ የምትጠራው ከ20 እስከ 27 ያገኙትን ብቻ ነበርና ሳትጠራው ቀረች። ምክንያቷም፣ አእምሮው እጅግ የፈጠነ ሰው በሥራው ይሰለቻል፤ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ከሠለጠነም በኋላ ጥሎ ይሄዳል የሚል ነበር። እርሱም ከሰሰ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2000 እ.ኤ.አ. ደንቡ በሁሉ ላይ እኩል የሚሠራና ምክንያት ያለው ነው ብሎ ለከተማይቱ ፈረደላት። እኛ በሕግ ነገር ከዳኞቹ ጋር አንከራከርም፤ የሠራተኛ መመላለስ ቤትን እንደሚያናጋ፣ ለሥልጠና የወጣውም ገንዘብ የሕዝብ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ሰውየው ገና ሳይሰለች ትሰለቻለህ፣ ሳይሄድም ትሄዳለህ ተብሎ ተፈርዶበታል። የነገን ልብ መርምሮ መፍረድ የማን ሥልጣን እንደሆነ አንባቢው ያውቃል።

መጻሕፍትን ስንመረምር ብዙውን ጊዜ የምናስተውለው ዝቅ ብሎ የሠራውን ሰው ነው። እስቲ ዛሬ ደግሞ የቀጠሩትን እንመልከት። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 7 እንደምናነበው ሙሴ የግብፃውያንን ጥበብ ሁሉ የተማረ፣ በፈርዖን ቤት ያደገ ሰው ነበር። ዮቶር ግን «በጎቼ ለአንተ አይመጥኑም» አላለውም። ሙሴም በምድያም 40 ዓመት ኖረ፤ ሰለቸኝ ብሎም አልሄደም፤ የወሰደው የእግዚአብሔር ጥሪ ነው። እንዲሁም ቅዱስ ጳውሎስ ከገማልያል እግር ሥር የተማረ ሆኖ ሳለ፣ በቆሮንቶስ አቂላና ጵርስቅላ በድንኳን መስፋት ሥራ ከቤታቸው አስገቡት። አቂላ እንዲህ ያለው ሊቅ ከመርፌው ጋር ምን አለው ብሎ ቢጠራጠር ኖሮ፣ ያ ቤት ምን ይቀርበት እንደነበር እናስብ!

የተማረውም ሰው በበኩሉ ልቡን ይመርምር። እጁ መጥረጊያ ይዞ አፉ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» የሚል፣ ባልንጀሮቹንም የሚንቅ አለ፤ እንዲህ ያለውን ቀጣሪ ቢፈራው አይፈረድበትም። የንጉሥ የቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተማረው አባ አርሳንዮስ ወደ አስቄጥስ በመጣ ጊዜ፣ አባ ዮሐንስ ሐጺር እንጀራውን ከመሬት ጣለለት፤ እርሱም ተንበርክኮ በላ። አረጋዊውም ከዚያ ወዲያ አልጠረጠረውም። ልብ በሉ፤ የፈተነው ዕውቀቱን አይደለም፤ ከፈተነውም በኋላ ተቀበለው እንጂ አላሰናበተውም።

አሁን የራሳችንን ነገር እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ደብር የሕፃናት ፊደል መምህር ተፈለገ። ደመወዙ ጥቂት ነው። አንድ መሪጌታ ቀረቡ፤ ቅኔ ያስነገሩ፣ ድጓውን በቤተልሔም ያስመሰከሩ ሰው ናቸው። ከአገራቸው የወጡት ልጃቸው ታምማባቸው በከተማ ለማሳከም ነበር። ከሰበካ ጉባኤው አንዱ «ነገ ጥለውን ይሄዳሉ» አለ። እኛም «የኔታ፣ ይህ ቦታ ለእርስዎ አይመጥንም፤ ለክብርዎ ሳስተን ነው» አልናቸው። እሳቸውም «ወደ ቅኔ ቤቴ የመጡልኝን ሁሉ ፊደሉን ያስቆጠረልኝ ሌላ ሰው ነው፤ አሁን የዚያን ሰው ብድር ልክፈል ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያም እጅ ነሥተው ወጡ።

ስለ ሌሎቹ አንመሰክርም። እኛ ግን ለክብራቸው አልሳሳንም። በማኅሌት ላይ ስንስት የሚያርመን ሰው ከአጠገባችን ይቆማል ብለን ፈርተን ነበር። ይህንን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርንም።

ቦታው ዳዊት ብቻ ለደገመ ጐልማሳ ተሰጠ። እርሱም በሰባተኛው ወር ለሱቅ ሥራ ጥሎን ሄደ፤ ሕፃናቱም መልእክተ ዮሐንስን ሳይጨርሱ ተበተኑ።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ለኪዳን ስንሄድ፣ ባላለቀ ፎቅ ደጅ ከቆመች የቆርቆሮ ጎጆ ዜማ ሰማን። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ ዜማው ግን አንዲት ምልክት አልጐደለበትም። ቀርበን ብናይ መሪጌታው ናቸው፤ ጋቢ ለብሰዋል፣ ዱላ ይዘዋል። «ይባርኩኝ፣ አባ» ብለው ከእኛ ቀድመው ተነሡ። ልጃቸው እንደዳነች ነገሩን። ሲቀጠሩ ምን ተብለው እንደተጠየቁ ጠየቅናቸው። «ማንበብ ትችላለህ ወይ አሉኝ፤ እችላለሁ አልሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም» አሉ። እኛም ይቅርታ መጠየቅ ሲገባን፣ ስለ ብርዱ አንሥተን ተነጋግረን ሄድን።

ዘንድሮ የፊደል መምህሩ ቦታ እንደገና ባዶ ሆኖአል። ስማቸውን ለጉባኤው አቅርበናል፤ በዚያ ቀን ለምን እንደመለስናቸውም በጉባኤው ፊት ተናግረናል። ቀድሞ «ጥለውን ይሄዳሉ» ያለው ሰው ራሱ ሄዶ ይጠይቃቸው ዘንድ ተላከ። መሪጌታውም የጥበቃው ውል የሚያልቀው በሚያዝያ ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ሥራውን መልቀቅ እንደማይችሉ ልከውብናል።