ባሕር የሌለው ሰው የባሕር ወፍ ዕዳ አለበትን?

«ባሕራችንን ካጣን ስንት ዓመታችን! ስለ ባሕር ወፍ ምን አገባን?» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ስለ ባሕር ዳርቻ አዕዋፍ ሳጫውተው። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ውስጡ ከባድ ጥያቄ አለ። በእርግጥ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ ሀገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ለመሆኑ ሰው በዓይኑ ለማያየው ፍጡር ኃላፊነት አለበትን?

መልሱን ፍለጋ ወደ ባሕር ሳይሆን ወደ ላስታ ተራሮች እንውጣ። የተከዜ ወንዝ የሚመነጨው ከላሊበላ ብዙም ከማይርቀው ደጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከተራቆተው ተዳፋት አፈሩን ጠርጎ፣ ደፍርሶ ይወርዳል። ሱዳን ገብቶ ከአትባራ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል፤ አትባራም ዓባይን ይዞ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። የግብፅን ዴልታ ከሠራው ደለል አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ የሄደ ነው። በዴልታው ጫፍ ላይ ቡሩሉስና መንዛላን የመሳሰሉ ሐይቆች አሉ፤ የሰሜኑን ብርድ የሸሹ አያሌ የውሃ ወፎችም ይከርሙባቸዋል። የላስታ ገበሬ ማሳው በታጠበ ቁጥር፣ ሳያውቀው ለባሕር ወፍ ማረፊያ ሲያበጅ ኖሯል ማለት ነው።

ይህ ዛሬ ቆሟል። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1962 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ደለሉ ከግድቡ ኋላ ቀረ። የዴልታው ዳርቻ በማዕበል መበላቱ ባሰ፤ ከጎርፉ ጋር በሚመጣው ምግብ ይኖር የነበረው የሰርዲን ዓሣም ለዓመታት ክፉኛ ተመናመነ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከፍታው 188 ሜትር የሆነው የተከዜ ግድብ ኃይል ማመንጨት ስለጀመረ፣ የላስታ አፈር ገና ከሀገር ሳይወጣ ይያዛል።

እንግዲህ ገበሬው ሊመሰገን፣ ግድብ ሠሪው ሊወቀስ ነውን? የሥራ ሚዛኑ ኒያ ከሆነ፣ ገበሬው ለወፍ ብሎ አፈሩን አልሰጠም፤ ተወሰደበት እንጂ። ግድብ ሠሪውም መብራትና እህል ፈለገ እንጂ ዓሣና ወፍ ለማስራብ አልተነሳም። ይሁንና አለማወቅ የሚያገለግለው እስኪያውቁ ድረስ ብቻ ነው። ካወቁ በኋላ ግን ነገሩ አማና ይሆናል።

«ሩቅ ነው» የሚለውም ሰበብ ብዙ አያስኬድም። በባሕር ዳር የሚያርፉት ወፎች ወደ እኛም ይመጣሉና። ክብደቷ 30 ግራም እንኳ የማይሞላው ሊትል ስቲንት የተባለችው ወፍ ከአርክቲክ ምድር ተነስታ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ጭቃማ ዳርቻ ትከርማለች። ከነዚህ አንዱ አብያታ ነው። ውሃው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ይደርሰዋል። ግና ለመስኖም ለሶዳ አሽ ፋብሪካም ውሃው ሲቀዳ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየፈለፈሉ አብያታ ላይ ዓሣ ይመገቡ የነበሩት ፔሊካኖችም ማዕዳቸውን አጡ። እዚህ ላይ እጁ የኛው ነው።

«ሰው እየተራበ ስለ ወፍ?» ትሉኝ ይሆናል። በ1977 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን እልቂት የሚያስታውስ ሰው «ወፍ ይቅደም» ሊል አይችልም፤ እኔም አልልም። መስኖ እንጀራ ነው። ነገር ግን በአብያታ ዓሣው ሲያልቅ የተጎዳው ወፉ ብቻ አይደለም፤ አሥጋሪውም ነው። በደሉ ውሃ መቅዳቱ አይደለም፤ ለሐይቁ የሚቀረውን ሳይለኩ መቅዳቱ ነው።

ስለዚህ ለወዳጄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ባሕር ባይኖረን ወንዝና ሐይቅ አለን። ወፏም የድንበር ወረቀት አልያዘችም፤ በየዓመቱ እንግዳ ሆና ደጃችን ትመጣለች። እንግዳ መጥቶ ማዕዱን ባዶ ቢያገኘው ነውሩ የባለቤቱ አይደለምን?