ስለ ተሸጠ ዝምታ

ሰው ከጎረቤቱ ጋራ በሰላም ለመኖር ብዙ ነገር አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ይህም ትዕግሥት ይባላል እንጂ ፍርሃት አይባልም። ነገር ግን ዝም እላለሁ ብሎ አስቀድሞ ቃል የገባ ሰው ትዕግሥተኛ ነውን? ይህ ጥያቄ በመንግሥታትም ላይ ይደርሳል።

ሊዩ ሺያዎቦ የሚባል ቻይናዊ ጸሐፊ የአንድ ፓርቲ አገዛዝ ይቅር፤ ሕዝቡም ገዦቹን ይምረጥ ብሎ ከሌሎች ጋራ ስለ ጻፈ፣ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም. የ11 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በሚከተለው ዓመት በኖርዌይ ያለው ኮሚቴ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ሰጠው። እርሱ በወህኒ፣ ሚስቱም በቤቷ ታግደው ነበርና፣ በኦስሎ ሜዳዩና የምስክር ወረቀቱ በባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮሚቴውን የኖርዌይ እንደራሴዎች ይምረጡት እንጂ መንግሥቱ አያዝዘውም፤ የቻይና መንግሥት ግን ይህን ልዩነት አልተቀበለም። ጦር አላዘመተም፤ የንግዱን ውል ድርድር አቋረጠ፤ ሳልሞን የሚባለውም የኖርዌይ ዓሣ በወደብ ላይ በምርመራ ብዛት ይዘገይ ጀመር። ትኩስ ዓሣ ደግሞ ቀን አይጠብቅም።

ስድስት ዓመት ቆይቶ በ2016 ሁለቱ ታረቁ። በዕርቁ ቃል ኖርዌይ፣ ቻይና ዋና ጥቅሜ የምትለውን እንደምታከብርና ያንን የሚጎዳ ሥራ እንደማትደግፍ አስታወቀች። በ2017 ሊዩ በጉበት ነቀርሳ ታሞ፣ ሌሎች መንግሥታት ወደ ውጭ ወጥቶ ይታከም ሲሉ፣ የኖርዌይ ሹማምንት ድምፅ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር። ሐዘናቸውን የገለጹት በሐምሌ ወር እንደ ተጠበቀ ከሞተ በኋላ ነው።

መንግሥት የዓሣ አጥማጁን ልጆች ሊያስብ ይገባዋል፤ ይህን መናቅ አይቻልም። የበሉበትን ወጭት መስበር ነውር ነው የሚልም ይገኛል። ነገር ግን ገዢ ጋባዥ አይደለም፤ ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን ወስዷል። ለገበያ የወጣውም ዓሣ እንጂ ምላስ አልነበረም። ደግሞ ዓሣው ቢከለከል የሚከስረው ሻጩ ራሱ ነው፤ ዝምታው ሲሸጥ ግን ዋጋውን የሚከፍለው በውሉ ያልተጠየቀው እስረኛ ነው።

ፍርሃቱ አዲስ አይደለም። በ1936 ይኸው ሽልማት የናዚዎች መንግሥት ላሰረው ለካርል ፎን ኦሲየትስኪ ሲሰጥ የኖርዌይ ንጉሥ ከበዓሉ ቀርተዋል። ያን ጊዜ ያስፈራ የነበረው ቅርብ ያለ ጦር ነው፤ አሁን ግን ፍርሃት ከዓለም ዳርቻ በነጋዴ መንገድ ይደርሳል። ኖርዌይም ከነዳጅ ዘይቷ ባጠራቀመችው ሀብት ከባለጸጎች መንግሥታት አንዷ ናት። እርስዋ የቻለችው ስድስት ዓመት ከሆነ፣ በብድር የሚያድር ድኻ መንግሥት ስንት ወር ይችላል?