ደም ያልፈሰሰበት ጨዋታና የተመልካቹ ልብ



«ደም ካልፈሰሰ፣ የሞተም ከሌለ፣ ነውሩ ምኑ ላይ ነው?» የሚል ጥያቄ ስለ ልዩ ልዩ መዝናኛዎች ሲነሣ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው በአርል ከተማ በእንግድነት ሳለን ካየነው ነገር ተነሥተን ይህን ጥያቄ ልንመረምር ወደድን።

በአርል መካከል ሮማውያን በአንደኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ያነጹት፣ በዘመኑ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ይይዝ የነበረ ሞላላ የትርዒት ስፍራ ዛሬም ቆሞ ይታያል። በዚህ ስፍራ በሬ በሰይፍ የሚገደልበት ትርዒትም ይደረጋል። እኛ የተጋበዝነው ግን «ኩርስ ካማርጌዝ» ወደሚባለው፣ የበሬ ደም ወደማይፈስበት የአገሩ ባህላዊ ጨዋታ ነበር። የሮን ወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባበት ረግረጋማ ምድር የመጡ፣ ቀንዳቸው እንደ በገና ክንድ ወደ ላይ የቆመ ጥቁር በሬዎች ተራ በተራ ወደ ሜዳው ይገባሉ። በግንባራቸው ላይ ቀይ ጥብጣብ፣ በቀንዶቻቸው ሥር ነጭ የሱፍ ዘርፍ ታስሯል። ነጭ የለበሱ ወጣቶች ትንሽ የብረት መንጠቆ ይዘው በበሬው ፊት እየሮጡ እነዚህን ለመንጠቅ ይሽቀዳደማሉ፤ በሬው ሲያባርራቸውም በእንጨቱ አጥር ላይ ዘለው ያመልጣሉ። ለአንድ በሬ የተወሰነው ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ በሬው በሕይወቱ ወደ መስኩ ይመለሳል። እንዲያውም ዝነኛ የሆኑት በሬዎች እጅግ ይከበራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ለሞተው «ለ ሳንግሊዬ» ለተባለው በሬ በለ ካይላር መንደር መቃብር ቆሞለታል።

እንግዲህ ስለዚህ ጨዋታ ምን እንበል? በመጀመሪያ ስለ እንስሳው እናስብ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረቶች መሆናቸውን፣ ያለ በቂ ምክንያት ማሠቃየታቸውም የሰውን ክብር የሚቃረን መሆኑን ያስተምረናል። በዚህ ሚዛን ጨዋታው ከሰይፉ ትርዒት እጅግ የራቀ ነው። ሆኖም በሬው ይቆጣል፣ ይደክማልም፤ «ይህስ ሥቃይ አይደለምን?» የሚል ሰው ቢኖር ቃሉን አናቃልልበትም።

ሁለተኛው ስለ ተጫዋቹ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቅዱስ ፒዮስ 5ኛ እ.ኤ.አ. በ1567 በበሬና በአራዊት የሚደረጉ ትርዒቶችን በውግዘት ከልክለው ነበር። እገዳው በ1575 በግሪጎርዮስ 13ኛ ለምእመናን ቢላላም፣ የቅዱስነታቸው ዋና ጭንቀት የሰው ሕይወትና ነፍስ ለአደጋ መጋለጥ እንደ ነበር ልንዘነጋ አይገባም። በአርልም ቀንዱ የእውነት ቀንድ ነው። ጥብጣቡ ሳይነጠቅ በቆየ ቁጥር የሽልማቱ ገንዘብ እየጨመረ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፤ ወጣቱም ወደ ቀንዱ ይበልጥ ይቀርባል።

ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበን፣ የተመልካቹ ልብ ነው። ከወጣቶቹ አንዱ አጥሩን ሊዘል ሲል እግሩ አዳለጠው፤ ቀንዱም ከጎኑ ጥቂት ርቆ እንጨቱን መታ። ሕዝቡ ሁሉ በጩኸት ተነሣ፤ እኛም ተነሣን። ወጣቱ በደኅና ማምለጡን ስናይ «ተመስገን» አልን። ማታ ግን ኅሊናችንን ስንመረምር አንድ ነገር አሳፈረን፤ ከዚያ በኋላ የገቡት በሬዎች፣ ማንም ለአደጋ ስላልተቃረበ፣ ቀዝቃዛ ሆነውብን ነበር። አፋችን ስለ ወጣቱ መትረፍ አመሰገነ፤ ዓይናችን ግን ያችኑ ቅጽበት ደግሞ ሊያይ ይጠብቅ ነበር።

ቅዱስ አጎስጢኖስ በኑዛዜው የሚተርክልን የወዳጁ የአሊፕዮስ ታሪክ ያን ጊዜ ታወሰን። አሊፕዮስ በሮም ሕግ ሲማር ጓደኞቹ ሰዎች እርስ በርሳቸው ወደሚጋደሉበት ትርዒት በግድ ወሰዱት። እርሱም ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። የሕዝቡን ጩኸት ሰምቶ ዓይኑን በገለጠ ጊዜ ግን ልቡ ተማረከ፤ ሌሎችን የሚጋብዝ ወዳጅ ሆኖ ወደዚያ ይመላለስ ጀመር። በኋላ ግን በእግዚአብሔር ምሕረት ተመልሶ ጳጳስና ቅዱስ ለመሆን በቃ። የአሊፕዮስ እጅ ማንንም አልገደለም፤ የወደቀው በዓይኑ ነበር።

ስለዚህ ደም አልፈሰሰም ማለት በደል የለም ማለት አይደለም። ጨዋታውን ኃጢአት ነው ብለን አንፈርድም፤ ድፍረቱ፣ ቅልጥፍናው፣ የአገሩም ሕዝብ ለበሬው ያለው ፍቅር ደስ የሚያሰኙ ናቸው። ነገር ግን ሳሩን አይቶ ገደሉን እንደ ዘነጋው በሬ እንዳንሆን፣ እያንዳንዳችን በማናቸውም ትርዒት ፊት «አደጋው ባይኖር ይህን እወደው ነበርን?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ለአርል ሰዎች ብቻ አይደለም። በመንገዳችን ላይ ከዐቅሟ በላይ የተጫነች አህያ ስትወድቅ ለሚስቁ ልጆች፣ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ ከመገላገል ይልቅ ከብበን ለምናይ ለእኛም ነው። መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችሁን እጃቸውን ብቻ ሳይሆን ዓይናቸውንም እንዲጠብቁ አስተምሩ።

የልባችንን ስውር ፍላጎት የሚያውቅ አምላክ ንጹሕ ዓይን ይስጠን። አሜን።