ገበናን መሸፈንና እውነትን መደበቅ፦ በአንዲት አየርላንዳዊት ወጣት ዓይን

አየርላንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቅዱስ ፓትሪክን አገር፣ ወንጌልን በአራቱም ማእዘን ያዳረሱ መነኮሳትና ልኡካነ ወንጌል የወጡባትን ደሴት ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በመስከረም 1979 እ.ኤ.አ. ደብሊንን በጎበኙ ጊዜ፣ በፊኒክስ ፓርክ ባሳረጉት መሥዋዕተ ቅዳሴ ላይ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ምእመናን ተገኝተዋል። ይህም በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ ሦስተኛ ያህል መሆኑ ነው። በ2022 በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ግን ካቶሊክ መሆኑን የገለጸው 69 ከመቶ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ 79 ከመቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) መቀነሱ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ ይልቅ በወጣቶቹ ዘንድ ጎልቶ ይታያል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ከእኛ መካከል ብዙዎች “ሀብትና ዘመናዊነት ነው” ብለው ይመልሳሉ። መልሱ በከፊል እውነትነት አለው፤ ነገር ግን በቀላሉ ከኅሊና ጥያቄ ስለሚያሳርፈን ልንጠነቀቀው ይገባል። ጉዳዩን ከሩቅ ሆኖ ከመፍረድ በፊት በአንድ አየርላንዳዊ ወጣት ዓይን መመልከት ይበጃል።

ስለዚህ በአየርላንድ ምዕራብ፣ በጋልዌይ አውራጃ፣ ቱዋም በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ በ2005 የተወለደች አንዲት ልጅ እናስብ። የብዙዎች ምሳሌ እንድትሆነን ነውና ስም አንሰጣትም። በተወለደችበት ዓመት፣ በፈርንስ ሀገረ ስብከት በሕፃናት ላይ በካህናት ስለተፈጸመው በደል የተጣራው መረጃ ለሕዝብ ቀረበ። አራት ዓመት ሲሞላት በ2009 ሁለት ታላላቅ የምርመራ ዘገባዎች ወጡ፤ አንዱ በገዳማውያን ይተዳደሩ በነበሩ የሕፃናት ማሳደጊያዎች፣ ሁለተኛው በደብሊን ሊቀ ጳጳስ ሀገረ ስብከት ስለተፈጸመው በደል ነበር። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዱስ ቁርባንን በተቀበለችበት በ2013፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በደናግል ይተዳደሩ በነበሩ የልብስ ማጠቢያ ቤቶች ተዘግተው ያለ ደመወዝ ሲሠሩ የኖሩትን ሴቶች በምክር ቤት ፊት በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ከእነዚያ ቤቶች የመጨረሻው የተዘጋው በ1996 ነው።

ምሥጢረ ሜሮንን በተቀበለችበት በ2017 ደግሞ ነገሩ ወደ ገዛ ሰፈርዋ መጣ። ካትሪን ኮርለስ የተባሉ የአካባቢው ታሪክ አጥኚ፣ በቱዋም ያላገቡ እናቶችና ልጆቻቸው ይኖሩበት በነበረው ቤት እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1961 የሞቱ የ796 ሕፃናትን የሞት መዝገብ ሰብስበው፣ የመቃብር መዝገባቸውን ግን ሊያገኙ አልቻሉም ነበር። በመጋቢት 2017 መርማሪው ኮሚሽን በዚያ ግቢ ከመሬት በታች በተሠሩ ክፍሎች ውስጥ የሕፃናት ዐፅም መገኘቱን አረጋገጠ። ዐፅሙን በክብር አውጥቶ ማንነቱን ለመለየት የሚደረገው ቁፋሮ በሐምሌ 2025 ተጀመረ። የእምነት ትምህርትዋን ስትማር ያደገችው እንግዲህ እንዲህ ያለውን ዜና በየዓመቱ እየሰማች ነው።

ይህች ወጣት ክፉ ሰው አይደለችም። ኑሮዋም የምቾት ኑሮ አይደለም። የቤት ኪራይ ከአቅሟ በላይ ስለሆነባት ከወላጆችዋ ጋር ትኖራለች፤ በ2022 ቆጠራ መሠረት እንደ እርስዋ ከወላጆቻቸው ጋር የሚኖሩ አዋቂ ልጆች ከ500 ሺህ በላይ ናቸው። ጓደኞችዋ ሥራና መኖሪያ ፍለጋ ወደ አውስትራልያና ወደ ካናዳ ሄደዋል። በመንደሩ ሰው ሲሞት ወደ ልቅሶ ቤት ሄዳ የኀዘንተኞችን እጅ ትጨብጣለች፤ ከቀብር በኋላም ሻይና ዳቦ ታቀርባለች። በሕፃንነትዋ በየዐቢይ ጾሙ ከምግብ ጠረጴዛው ላይ በምትቀመጠው የትሮኬር የካርቶን ሣጥን ውስጥ ሳንቲምዋን ስትጨምር አድጋለች። ትሮኬር በአየርላንድ ጳጳሳት በ1973 የተመሠረተ የእርዳታ ድርጅት ነው፤ ስሙም በቋንቋቸው ምሕረት ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ አገራችንን በመታ ጊዜ ያ ሕዝብ እጁን እንዴት እንደዘረጋልን የምናስታውስ ብዙዎች ነን።

ታዲያ እሑድ ለምን አትቀድስም? ይህን ጥያቄ ብናቀርብላት “እግዚአብሔር የለም” ብላ ላትመልስ ትችላለች። የብዙ የዕድሜ እኩዮችዋ መልስ “ያውቁ ነበር፤ ዝም አሉ” የሚል ነውና። ከበደሉ ይልቅ ዝምታው አቁስሎአቸዋል።

በዚህ ላይ የምርመራው ውጤት ይመሰክርላቸዋል። ከ1975 እስከ 2004 የነበረውን ጊዜ የመረመረው የደብሊን ዘገባ፣ የቤተ ክርስቲያን ኃላፊዎች በቅድሚያ ያሳሰባቸው ነገሩ በምሥጢር እንዲያዝ፣ ነውር እንዳይወጣ፣ የቤተ ክርስቲያን ስምና ንብረት እንዳይነካ እንደነበረና የሕፃናቱ ደኅንነት ከዚያ በኋላ እንደመጣ ገልጾአል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛም በመጋቢት 2010 ለአየርላንድ ካቶሊካውያን በላኩት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ለቤተ ክርስቲያን ስም ያለቦታው መጨነቅ ከጥፋቱ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አምነዋል።

የሞራል ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዝም ካሉት መካከል ብዙዎቹ ክፋትን የወደዱ ሰዎች አልነበሩም። እናታቸውን ቤተ ክርስቲያንን ከውርደት የሚጠብቁ መስሎአቸው ነበር። ለመሆኑ የእናትን ነውር መሸፈን ምግባር አይደለምን?

እኛ በተለይ ይህን ጥያቄ በቀላሉ ልናልፈው አንችልም፤ ገበናን መሸፈን ከባህላችን ታላላቅ ምግባሮች አንዱ ነውና። የቤቱን ገበና አደባባይ ያወጣ ሰው ይነቀፋል፤ የጎረቤቱን ገበና የሸፈነ ይመሰገናል። በመጽሐፍ ቅዱስም ሴምና ያፌት ፊታቸውን መልሰው የአባታቸውን የኖኅን ዕራቁትነት ሸፈኑ፤ ስለዚህም ተባረኩ። ነገር ግን ልብ እንበል፤ የኖኅ ስካር የጎዳው ኖኅን ብቻ ነው። በዚያ ድንኳን ውስጥ የሚያለቅስ ሕፃን አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ልጆቹ አስቀድመው ማንሣት የነበረባቸው ልብሱን ሳይሆን ሕፃኑን ነበር። ገበናን መሸፈን የደከመውን ሰው ክብር ስለሚጠብቅ ምግባር ነው፤ ብርቱውን ለመጠበቅ ሲባል ደካማው ከተሸፈነበት ግን ስሙ ተለውጦ ግፍን መደበቅ ሆኖአል።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ስለ ወንድማዊ ተግሣጽ ሲያስተምር ይህንኑ ልዩነት ያስቀምጣል። ስውር ኃጢአት የሚጎዳው ኃጢአተኛውን ብቻ ከሆነ፣ ስሙ ሳይጠፋ በምሥጢር መምከር ይቀድማል። አንድ ሰው ከተማውን ለጠላት አሳልፎ ለመስጠት በስውር ቢያሴር ግን፣ በምክር ብቻ ወዲያው እንደሚታገድ በእርግጥ ካልታወቀ በቀር፣ ጉዳቱ እንዳይደርስ ፈጥኖ መግለጽ ይገባል። የሕፃናት በደል ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። በአየርላንድ የታየውም ይኸው ነው፤ በምሥጢር ተመክሮ ከአንዱ ቁምስና ወደ ሌላው የተዛወረ በዳይ በአዲሱ ቁምስና አዲስ ሕፃናትን አገኘ።

“ሁሉ ቢገለጥ ደካማ ምእመናን አይሰናከሉምን? ጠላትስ አይጠቀምበትምን? በሐሰት የሚከሰስስ የለምን?” የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። የሰውን ስም በሐሰት ማጥፋት ከባድ ኃጢአት ነው፤ ስለዚህም ክስ ሁሉ ያለ አድልዎ ሊጣራ፣ የተከሰሰውም ጥፋቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ክብሩ ሊጠበቅ ይገባል። ይህ ግን ማጣራትን ግድ ያደርጋል እንጂ ዝምታን አይፈቅድም። ስለ ማሰናከልም ቢሆን፣ ጌታችን አጥብቆ ያስጠነቀቀው ከእነዚህ ከታናናሾቹ አንዱን የሚያሰናክለውን ነው፤ በደሉን የተናገረውን ታናሽ አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ አባቶች፣ በአየርላንድ የተደበቀው ሁሉ ከዓመታት በኋላ ወጣ፤ የወጣውም በቤተ ክርስቲያን ንስሐ ሳይሆን በአብዛኛው በተበዳዮች ጩኸት፣ በጋዜጠኞችና በመንግሥት መርማሪዎች ነው።

ዋጋውም ከባድ ሆነ። በግንቦት 2018 የፅንስን ሕይወት የሚጠብቀው የሕገ መንግሥት አንቀጽ በሕዝብ ድምፅ በ66 ከመቶ ተሻረ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ፅንስ ሕይወት የምታስተምረው እውነት አልተለወጠም፤ ነገር ግን እረኞች ስለ ሕፃናት ክብር ሲናገሩ ብዙ ወጣቶች የቱዋምን ሕፃናት አስታወሱ። ትምህርቱ እውነት ሆኖ ሳለ የመምህሩ ድምፅ ተአማኒነቱን አጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በዚያው በፊኒክስ ፓርክ በቅዳሴው መጀመሪያ ላይ በደሎቹን አንድ በአንድ እየጠቀሱ ይቅርታ ለመኑ።

ውድ አንባብያን፣ በተለይም እናንተ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ አንድ ነገር እናስተውል። ያቺ ወጣት ቤተ ክርስቲያንን የምትወቅስበት መስፈርት ከየት መጣ? ታናሹ ከታላቁ እንደሚበልጥ፣ ግብዝነት ነውር እንደሆነ፣ እውነት አርነት እንደሚያወጣ ያስተማራት ማን ነው? ከካቶሊክ ትምህርት ቤትዋ የተማረችው ወንጌል ነው። ቁጣዋ ራሱ የዘራነው ዘር ፍሬ ነው። ስለዚህ እንደ ጠላት ልንመልስላት አይገባም።

“ይህ የአውሮፓ ጉዳይ ነው” ማለትም አይበጀንም። እኛም በቁጥር ጥቂት ብንሆን ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮችና የሕፃናት ማሳደጊያዎች አሉን፤ ሕፃናት በአደራ ተሰጥተውናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በ2019 ባወጡትና በ2023 አጽንተው ባሰፉት ሥርዓት መሠረት፣ ካህናትና ገዳማውያን እንዲህ ያለ በደል መፈጸሙን ሲያውቁ ወይም በቂ ምክንያት ኖሮአቸው ሲጠረጥሩ ለቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣን የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው፤ አቤቱታ የሚቀበል አካልም በየሀገረ ስብከቱ እንዲኖር ታዝዞአል። የአገር ሕግ የሚጠይቀውም እንዲሁ መፈጸም አለበት። ማንኛውም ምእመንም ማመልከት ይችላል።

አንድ ሕፃን ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ በፍርሃት አንድ ነገር ሊነግራችሁ ቢሞክር፣ “ዝም በል፤ የቤተ ክርስቲያንን ስም ታጠፋለህ” አትበሉት። ተቀምጣችሁ ስሙት፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ንገሩት፤ ዳግመኛ እንዳይጎዳ አድርጉ፤ የሰማችሁትንም ሳትውሉ ሳታድሩ ለሚመለከተው አሳውቁ። የቤተ ክርስቲያን ክብር በዚያች ሰዓት በእናንተ እጅ ነው፤ የሚጠበቀውም ሕፃኑ ሲጠበቅ ነው።