ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት፦ ስለ ተሰወረ ሥራና ስለ ፊርማ



የሰው ሥራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዳንዱ ካለቀ በኋላም ይታያል፤ ስሕተቱም ይታረማል። ሸማኔው የሳተው ጥለት ተፈትቶ እንደ ገና ይሠራል። ሌላው ሥራ ግን አንድ ጊዜ ከተከደነ ተሰውሮ ይቀራል። በኮንክሪት ምሰሶ ውስጥ የሚገባው ብረት ከዚህ ወገን ነው። ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት ሊታይ፣ ሊለካና ሊስተካከል ይችላል፤ ከተሞላ በኋላ ግን ስለ እርሱ የሚመሰክርልን የተቆጣጣሪው ፊርማ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ፊርማ ምንድር ነው? ጥያቄው በገዛ ቁምስናችን ግቢ ውስጥ ስለ ገጠመኝ ጥቂት ላካፍላችሁ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ስለ ሥራው እንናገር። ኮንክሪት ሲጫኑት ብርቱ ነው፤ ሲስቡትና ሲያጎብጡት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ብረት ይገባበታል። በምሰሶው ቁመት ልክ የሚቆሙት ፌሮዎች መጉበጡን ይቋቋማሉ፤ ሸክሙንም ያግዛሉ። ግንበኞቻችን ስታፋ የሚሏቸው ቀጫጭን ብረቶች ደግሞ ቋሚዎቹን እንደ መቀነት ዙሪያቸውን ይዘው ወደ ውጭ እንዳይጎብጡ፣ በመካከል ያለው ኮንክሪትም እንዳይበተን ያደርጋሉ። ተቆጣጣሪ የቋሚዎቹን ቁጥርና ውፍረት ከፕላኑ ጋር ያስተያያል፤ የስታፋዎቹን ርቀት ይለካል፤ ይልቁንም በምሰሶው ግርጌና ራስ ላይ ተቀራርበው መታሰራቸውን፣ ጫፎቻቸውም ወደ ውስጥ መታጠፋቸውን ያያል። በብረቱና በካሳፎርማው መካከል ለኮንክሪቱ ሽፋን የሚሆን ክፍተት መኖሩንም ይመረምራል። ሽፋኑ ከሳሳ እርጥበት ወደ ብረቱ ይደርሳል፤ የዛገ ብረት ያብጣል፤ ኮንክሪቱንም ከውስጥ ይሰነጥቀዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የትምህርተ ክርስቶስ አዳራሽ ስናሠራ 12 ምሰሶዎች የሚሞሉበት ቀን ደረሰ። ሚክሰሩ ተከራይቷል፤ ሲሚንቶው፣ አሸዋውና ጠጠሩ ቀርቧል፤ የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ተቆጣጣሪው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ስምንቱን ምሰሶዎች አንድ በአንድ አይተው ፈረሙ። የቀሩትን አራቱን ግን አናጢዎቹ ተቻኩለው፣ እርሳቸው ሳያዩአቸው፣ ካሳፎርማቸውን ዘግተዋቸው ነበር። «ይከፈቱልኝ» አሉ። ከተከፈቱ ደግሞ ቀኑ መምሸቱ፣ የሚክሰሩ ኪራይና የሠራተኛው የቀን ዋጋም በከንቱ መውጣቱ ነው። እኔም ቀርቤ፣ «ፌራዮው አንድ ነው፤ ስምንቱን በደንብ ያሰረ እጅ አራቱንም በደንብ አስሯል። በእኔ ይሁንብዎ፤ ይፈርሙልን» ብዬ ለመንኋቸው። እርሳቸውም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አባ፣ አላየሁትም እኮ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ልፈርም?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በማግስቱ ካሳፎርማው ተከፈተ። በአራቱም ምሰሶዎች ላይ አንዳች እንከን አልተገኘም።

«ታዲያ ምን አተረፍን?» ብለው ያጉረመረሙ ምእመናን ነበሩ። ሊናቅ የሚገባው ጥያቄ አይደለም፤ ከድኻ መቀነት ተፈትቶ የመጣ ገንዘብ ባክኗልና። ብረቱ ደኅና ከነበረ፣ ሽማግሌው ቢፈርሙ ኖሮ በደሉ ምን ላይ ነበር? ብዙዎቻችን የአንድን ሥራ ክፋትና ደግነት ከፍጻሜው እንመዝናለን፤ ቤቱ ካልወደቀ ኃጢአት የለም እንላለን። ይህ አስተሳሰብ በሁለት ምክንያት ስሕተት መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

የመጀመሪያው ስለ እውነት ነው። ቅዱስ አጎስጢኖስ ስለ ሐሰት በጻፈው መጽሐፉ፣ ውሸታም የሚባለው ሰው በልቡ ካለው የተለየ በአንደበቱ የሚናገር መሆኑን፣ የተናገረው ነገር በአጋጣሚ እውነት ሆኖ መገኘቱም ከውሸት እንደማያነጻው ያስተምራል። ፊርማው የሚለው «ምሰሶው ደኅና ነው» ብቻ አይደለም፤ «መርምሬ አይቻለሁ» ነው። ስለዚህ ሽማግሌው በዚያች ምሽት ቢፈርሙ ኖሮ፣ ብረቱ ምንም ቢያምር፣ ምስክርነታቸው የሐሰት ምስክርነት ይሆን ነበር። እኔ «በእኔ ይሁንብዎ» ማለቴም ከንቱ ነበር። የሚክሰሩን ኪራይ ስለ እርሳቸው ልከፍል እችል ነበር፤ በዓይናቸው ግን ላይላቸው፣ በሕሊናቸውም ልቆምላቸው አልችልም።

ሁለተኛው ስለ ሕይወት ነው። አዲስ ቤት የሚሠራ እስራኤላዊ፣ ሰው ከሰገነቱ ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይመጣ፣ ዙሪያውን መከታ እንዲያበጅ ታዝዞ ነበር (ዘዳ. 22፥8)። ሕጉ ሰው እስኪወድቅ ድረስ አልጠበቀም። መከታ ሳያበጅ ኖሮ ማንም ያልወደቀበት ሰው ዕድል ረዳው እንጂ ትእዛዙን ጠበቀ አይባልም። የባልንጀራውን ሕይወት ለዕድል አሳልፎ መስጠቱ ራሱ በደል ነው።

ዕድል ደግሞ ሁልጊዜ አይረዳም። ነሐሴ 11 ቀን 1991 ዓ.ም. በሰሜን ምዕራብ ቱርክ፣ ሰው ሁሉ በተኛበት ሌሊት፣ ምድር ተንቀጠቀጠችና በመንግሥት ቁጥር ከ17,000 በላይ ሰዎች አለቁ። ፍርስራሹን የመረመሩ መሐንዲሶች በብዙ ምሰሶዎች ውስጥ ስታፋዎቹ ተራርቀው መታሰራቸውን፣ ጫፎቻቸውም ወደ ውስጥ ሳይታጠፉ መቅረታቸውን አገኙ። መቀነቱ ሲፈታ ቋሚው ብረት ጎበጠ፤ ፎቅ በፎቅ ላይ ተደረመሰ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ ቱርክና በሶርያ ሌላ መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ በቱርክ ብቻ ከ50,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ተመሳሳይ ጉድለትም እንደ ገና ታየ። እኛም በስምጥ ሸለቆ ዳር የምንኖር ሕዝብ ነን፤ በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ የሚያስታውሱ አሉ። ጌታችን፣ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)። የሞቱትን ልንወቅስ አይገባንም። ግንቡን ያቆሙት ሰዎች ግን ስለ ሥራቸው አይጠየቁም ማለት አይደለም።

ስለ ባከነው ገንዘብስ ምን እንበል? ድኻ ቁምስና ሁሉን ነገር እስኪመረመር ድረስ መቆየት ይችላልን? እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሚክሰሩን ስከራይ ለምርመራው ቀን አልመደብሁም፤ አናጢዎቹንም ያቻኮልኋቸው እኔ ነኝ። ከዚያም ራሴ የፈጠርሁትን ጥድፊያ በአንድ ሽማግሌ ትከሻ ላይ ጫንሁና ለድኻ የሚያዝን ሰው መሰልሁ። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ኪሳራውን እንዲቈጥር የተነገረው ቃል (ሉቃ. 14፥28) የሲሚንቶውን ዋጋ ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የመመርመሪያውም ጊዜ ከወጪው ይቈጠራል። ሐሰተኛ ፊርማ ባለበት ሁሉ ብዙውን ጊዜ ከፈራሚው ኋላ የሚያቻኩል አለቃ፣ የሚለማመጥ ወዳጅ ወይም የሚያጉረመርም ሕዝብ አለ። እነዚህም የኃጢአቱ ተካፋዮች ናቸው።

ይህ ነገር መሐንዲሶችን ብቻ የሚመለከት እንዳይመስለን። ካህን ሁለት እጮኞች ከጋብቻ እክል ነጻ ናቸው ብሎ ሲፈርም፣ መምህር ንኡሰ ክርስቲያኑ ትምህርቱን ፈጽሟል ብሎ ሲያቀርበው፣ ክርስትና አባት ስለ ልጁ ሃይማኖት ኃላፊነት ሲቀበል፣ እያንዳንዱ መርምሬ አውቄአለሁ ማለቱ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ እጮኞችን ሳልጠይቅ «ቤተሰባቸውን አውቃለሁ» ብዬ የፈረምሁባቸውን ወረቀቶች አስታውሼ አፍሬአለሁ። የፋሲካ ሰሞን ስለ ተቃረበ ብቻ ያልተማረውን ተማረ አንበል፤ ለእርሱም ለእኛም ጥቂት ሳምንታት መቆየት ይሻላል።

አዳራሹ አሁን ልጆች ይማሩበታል። ከ12ቱ ምሰሶዎች አራቱ የትኞቹ እንደ ነበሩ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ረስቼአለሁ። ሽማግሌው የጠየቁኝን ግን አልረሳሁም። የተሰወረውን የሚያይ አምላክ፣ ያላየነውን አየን ከማለት ይጠብቀን፤ እውነቱን ተናግሮ ሥራችንን የሚያስቆመንንም ሰው በትዕግሥት የምንሰማበት ልብ ይስጠን። አሜን።